ጸጥታው ለአቀበቱ ይቀመጥ

በአገራችን ስለ ብስክሌት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ ይኸውም «አገሩ ተራራ ነው፣ ብስክሌት ለሜዳ ነው» የሚል ነው። በመኝታ ቤቶቻችን ውስጥም ይህንኑ ደጋግመን ሰምተናል። አባባሉ ከፊል እውነት አለው፤ ባሕር ዳርና ሐዋሳ በብስክሌት የታወቁት ሜዳ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች በመሆናቸው ነው። ነገር ግን ሙሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞችን ባላሰለፈች ነበር። የትግራዩ ልጅ ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ባልሆነ ነበር። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተሠራችው በአሥመራ የተወለደው ቢንያም ግርማይም በ2016 ዓ.ም. በዚያው ውድድር ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ባልወሰደ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን እሽቅድምድም አይደለም። እኛ የምናስበው ስለ ተራው ተማሪ ነው፤ ተራ ብስክሌት ይዞ፣ ሁለት ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ፣ ቅዳሜና እሑድን ወይም የዕረፍት ጊዜውን ተጠቅሞ አገሩን በዝግታ ለማየት ስለሚፈልገው። ለዚህ ተማሪ ዋናው ጥያቄ «ምን ያህል ልፍጠን?» ሳይሆን «በየት ልሂድ?» የሚለው ነው። እንደታዘብነው ከሆነ ብዙ ጉዞ የሚበላሸው በጉልበት ማነስ ሳይሆን በመንገድ ምርጫ ነው። ጓደኛሞች ይሰባሰቡና ሳያስቡበት በዋናው አውራ ጎዳና ይወጣሉ፤ የጭነት መኪና በትከሻቸው አጠገብ እየታከከ ሲያልፍ፣ ጢስና አቧራ ሲጠጡ ይውላሉ፤ ማታ ሲመለሱ ብስክሌቱን ከግድግዳ ጋር ያቆሙታል፤ ዳግመኛም አያነሡትም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይኸው ነው።

ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ፣ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ብስክሌት ነጂዎች መሆናቸውን ገልጿል። ስለዚህ መንገድ መምረጥ ሕይወትን የመጠበቅ ሥራ ነው።

ጸጥታ ሁለት ትርጉም አለው

በቋንቋችን ጸጥታ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው የድምፅና የግርግር አለመኖር ነው፤ ሁለተኛው የሕዝብ ሰላምና ደኅንነት ነው። ብስክሌተኛ ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ ችግሩ ግን ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አለመገኘታቸው ነው። አንድ መንገድ መኪና የማያልፍበት ጭር ያለ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ስለፈራው ሊሆንም ይችላል።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች የተሳፈሩባቸው አውቶቡሶች በገርበ ጉራቻ አቅራቢያ እንዲቆሙ ተደርገው ብዙ መንገደኞች ታግተው እንደተወሰዱ ሁላችንም እናስታውሳለን። የእኛው ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ይህ ከደረሰበት በብስክሌት የሚጓዝ ሰው ይበልጥ መጠንቀቅ እንዳለበት ግልጽ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሕጋችን «ባዶ መንገድ ሁሉ ጸጥ ያለ መንገድ አይደለም» የሚል ይሁን። ጥሩ መንገድ የምንለው መኪና ያነሰበት፣ ሰው ግን የበዛበት ነው። ጠዋት ደብተር የያዙ ልጆች የሚሄዱበት፣ አህያ ጭነው ገበያ የሚወርዱ እናቶች የሚታዩበት፣ ከብት የሚነዳበት መንገድ ለብስክሌተኛ ከሁሉ የተሻለ ዋስትና አለው። ሰው የጠፋበትን መንገድ ግን፣ እይታው ምንም ቢያምር፣ መተው ነው።

ይህን ለማወቅ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አጠያየቁም ብልሃት ይጠይቃል። በአገራችን ልማድ «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል፤ እንግዳን ማስደንገጥ ነውር ነውና። ስለዚህ የሚመለሰው መልስ ምርቃት ሳይሆን ነገር እንዲሆን አድርጎ መጠየቅ ይሻላል። «ትናንት የመጨረሻው መኪና በስንት ሰዓት ገባ?» «ሴቶች ብቻቸውን ገበያ ሄደው ይመለሳሉ ወይ?» «አባባ፣ የእርስዎ ልጅ በዚህ መንገድ በብስክሌት ልሂድ ቢልዎ ይፈቅዱለታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ትክክለኛውን ነገር ያወጣል። ሦስት ዓይነት ሰው እንጠይቅ፤ በመናኸሪያ ያለውን የአውቶቡስ ረዳት፣ የቀበሌውን ሰው፣ የአካባቢውን ተወላጅ። ለሦስተኛው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዩኒቨርሲቲ ከየወረዳው የመጣ ተማሪ በአንድ ጣራ ሥር የሚያድርበት ስፍራ ስለሆነ መኝታ ቤታችን ራሱ ካርታ ነው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ካመነታ ጉዞውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር ነው።

የአቀበቱ ሒሳብ

ሰላሙ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጣው የመኪናው ብዛት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ፤ ያው መንገድ፣ ያው የመኪና ብዛት ኖሮት ሳለ፣ በአቀበትና በቁልቁለት ለብስክሌተኛው አንድ አይደለም። የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ወደ ሒሳብ መግባታችን የምህንድስና ወዳጆቻችንን ሊያስቃቸው ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ቀላል ሒሳብ ስለሆነ አብረን እንሥራው።

በአንድ መንገድ ላይ ወደ እኛ አቅጣጫ በሰዓት 60 መኪና ያልፋል እንበል፤ ፍጥነታቸውም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሁን። አሁን 5 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ሜዳ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየነዳን ስናልፍ 20 ደቂቃ ይፈጅብናል፤ በዚህም ጊዜ ከኋላ መጥቶ የሚቀድመን መኪና 15 ያህል ነው። ያው 5 ኪሎ ሜትር ብርቱ አቀበት ቢሆንና በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ብንሄድ አንድ ሙሉ ሰዓት ይፈጅብናል፤ የሚቀድመን መኪናም ወደ 55 ይደርሳል። ያንኑ ዳገት ገልብጠን ቁልቁለት አድርገን በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ብንወርደው ደግሞ ከ9 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ስለምንጨርሰው የሚቀድመን መኪና ከአራት አይበልጥም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልዩነት ልብ በሉ። ሃምሳ አምስትና አራት! መንገዱም መኪናውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ ዝግታ ነው። በዚያ ላይ አቀበት ላይ ያለ ብስክሌተኛ ይንገዳገዳል፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ይቸግረዋል፣ ትንፋሹ ስለሚበዛ ጢሱን አብልጦ ይስባል። የጭነት መኪናውም አቀበት ላይ አብዝቶ ያጤሳል። ስለዚህ አቀበት የመኪናን ብዛት ያባዛል፤ ቁልቁለት ግን ይቀንሰዋል ለማለት እንችላለን።

ከዚህ የምናገኘው ሁለተኛው ሕግ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ነው፤ «ጸጥታው ለአቀበቱ ይቀመጥ»። በተራራማ አገር መንገዱ ሁሉ ጸጥ ያለ እንዲሆን መመኘት ይቻላል እንጂ ማግኘት አይቻልም፤ ወደ አንድ ስፍራ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላልና። ያለችንን ትንሽ ጸጥታ ግን በብልሃት ልንጠቀምባት እንችላለን። ሁለት መንገድ ካለ ጸጥተኛውን ለመውጫ፣ ዋናውን ለመውረጃ ማድረግ ነው። አንድ መንገድ ብቻ ካለ ደግሞ ጸጥ ያለውን ሰዓት ለመውጫው መስጠት ነው፤ ጎህ ሲቀድ መውጣት፣ መኪናው ሲበዛ መውረድ ወይም ማረፍ። በክብ የሚዞር ጉዞ ሲሆን የትኛውን አቅጣጫ እንደምንዞር የሚወስነው ይኸው ነው።

የመኪናውን ብዛት ለማወቅ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። በመንገዱ ዳር ለሩብ ሰዓት ቆሞ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያልፈውን መቁጠርና በአራት ማባዛት ነው። እኛ የያዝነው መለኪያ ለአቀበት በሰዓት ከ10 መኪና ያልበለጠ ነው፤ ይህ ከሆነ በ5 ኪሎ ሜትር አቀበት ላይ የሚቀድሙን ዘጠኝ ያህል ብቻ ናቸው። ለሜዳ 40 ቢሆን እንታገሣለን። ቆጠራው በምንሄድበት ቀንና ሰዓት መሆን አለበት፤ የገበያ ቀንና ተራው ቀን አንድ አይደሉምና።

ካርታን ማንበብ

መኪና ያለ ምክንያት አይሄድም። ስለዚህ ካርታ ዘርግተን «በዚህ መንገድ ጫፍ ምን አለ?» ብለን እንጠይቅ። በጫፉ ወደብ ካለ የጭነት መኪና አለ፤ የጅቡቲ ጭነት የሚመላለስበት የአዋሽና የሚሌ መንገድ ለዚህ ምስክር ነው። በጫፉ ሲሚንቶ ፋብሪካ ካለ፣ እንደ ሙገርና እንደ ደርባ፣ እንዲሁ ነው። የድንጋይና የአሸዋ ማውጫም ያው ነው። በሌላ በኩል አንዲት የወረዳ ከተማ ብቻ ያለችበት፣ ከዚያ ወዲያ የማያልፍ ቅርንጫፍ መንገድ፣ ጠዋትና ማታ ከሚመላለሱ ጥቂት መኪናዎች በቀር ጸጥ ያለ የመሆን ተስፋው ትልቅ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የገጠር ቀበሌዎችን ከመንገድ ለማገናኘት በወጣው ፕሮግራም ብዙ የጠጠር መንገዶች ተከፍተዋል፤ ለእኛ ትልቅ ሀብት ናቸው፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ከዋናው መንገድ ይልቅ ቀጥ ያለ አቀበት ስላላቸው ከፍታቸውን አስቀድሞ መለካት ያሻል።

ከፍታን ለመለካት ከሁሉ የሚሻለው አንድ ለሃምሳ ሺህ በሆነ መጠን የተሣለ ካርታ ነው። በእርሱ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። የከፍታ መስመሮቹ በየስንት ሜትሩ እንደተሣሉ ከግርጌው ተጽፏል፤ በአገራችን ካርታዎች አብዛኛውን ጊዜ 20 ሜትር ነው። መንገዱ እየወጣ የሚያቋርጣቸውን መስመሮች ቆጥሮ በ20 ማባዛት የመውጫውን ልክ ይሰጣል። መስመሮቹ ተጠጋግተው ከታዩ ቀጥ ያለ ነው፤ ተራርቀው ከታዩ ለስላሳ ነው። ካርታው የሌለው ሰው በስልክ የሚገኙትን ይጠቀም። የብዙዎቹ የከፍታ ልክ የተገኘው በየካቲት 1992 ዓ.ም. አንድ የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ በራዳር ከወሰደው ልኬት ነው፤ ለሰፊ አገር ጥሩ ነው፣ በጠባብ ገደል ውስጥ ግን ሊሳሳት ይችላል።

መነሻና መድረሻን ብቻ አይቶ መወሰን ትልቅ ስሕተት ነው። ጎሐ ጽዮንና ደጀን ከአባይ ሸለቆ ወዲህና ወዲያ በተቀራራቢ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ሁለቱን ብቻ ያየ ሰው መንገዱ ሜዳ ይመስለዋል። በመካከሉ ግን መንገዱ ወደ ወንዙ ወርዶ መልሶ ይወጣል፤ መውጫው ብቻ ከ1,300 ሜትር አያንስም። ይህን ለምሳሌ ያህል አነሣን እንጂ በዚያ መሥመር ዛሬ ብስክሌት ይዞ መሄድን አንመክርም፤ የጭነት መኪናው ብዛትም ከላይ የተናገርነው የሰላም ጉዳይም አለበትና። የደጋ አገር ጠባይ ይኸው ነው፤ የተራራውን ትከሻ ይዞ የሚሄድ መንገድ ለስላሳ ነው፣ ወንዝ የሚያቋርጥ መንገድ ግን የወረደውን ሁሉ ያስከፍላል።

የመንገዱ አፈርም ከካርታው ላይ ባይታይ ከሰው አፍ ይገኛል። ዋልካ አፈር በደረቅ ጊዜ እንደ ሲሚንቶ ነው፤ አንድ ዝናብ ሲመታው ግን ከጎማው ጋር ተጣብቆ ብስክሌቱ እንዳይሽከረከር ያደርገዋል፤ ተሸክሞ ከመሄድ በቀር መላ የለውም። ቀይ አፈር ያንሸራትታል፤ ግን ያሳልፋል። ኮረኮንች ያንገጫግጫል፤ ቢሆንም በዝናብም በበጋም ያው ነው።

ሰዓትና ወቅት

ለጊዜ አቆጣጠር የሚከተለውን ቀላል መለኪያ እንጠቀማለን፤ ለየ15 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ400 ሜትር መውጫው ሌላ አንድ ሰዓት መጨመር። ይህ ከነአጭር ዕረፍቱ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሰውና ብስክሌት በአንድነት 80 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ነጂው ያለ ብዙ ድካም ለረጅም ሰዓት ሊሰጥ የሚችለው ኃይል 120 ዋት ያህል ቢሆን፣ በሰዓት ሊወጣ የሚችለው ከ550 ሜትር አይበልጥም፤ ከዚህ ላይ የጎማው ሰበቃ፣ የነፋሱና የዕረፍቱ ድርሻ ሲቀነስ ወደ 400 ይወርዳል። ከፍታውም ይቀንሳል፤ በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

የምንኖርበት ምድር በወገብ አጠገብ ስለሆነ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። በአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን አጭሩን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ በቀትር 6 ሰዓት የሚያልቅ ጉዞ ማሰናዳት ይገባል፤ የቀረው ግማሽ ቀን ለተበሳ ጎማ፣ ለዝናብና ላልታሰበ ነገር መጠባበቂያ ነው። በቀትር ግማሽ መንገድ ያልደረሰ ሰው መመለስ አለበት። ዝናቡም በብዛት ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ ይህ ሥርዓት ከዝናብም ያድናል።

ወቅትን በሚመለከት የአዲስ አበባን ቀን መቁጠሪያ ይዞ መላ አገሩን መዞር አይቻልም። በመካከለኛው ደጋ ሐምሌና ነሐሴ ለጉዞ የተዘጉ ናቸው፤ ጥቅምትና ኅዳር ግን መስኩ ለምልሞ መንገዱ የደረቀበት ጊዜ ስለሆነ ከሁሉ ይመረጣሉ። በደቡብ በኩል በጋሞ አገር ግን ብርቱው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ሁለተኛው ዝናብ ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ይመለሳል። እዚያ የሚሻለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ነው።

ብስክሌቱና ጋላቢው

ስለ ብስክሌቱ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ሁለት ነገር ብቻ እንጥቀስ፤ ማርሹንና ፍሬኑን። ከፊት 46 ጥርስ፣ ከኋላ 18 ጥርስ ያለው ተራ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት በአንድ የፔዳል ዙር 5.4 ሜትር ያህል ይሄዳል። በብርቱ አቀበት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ፔዳሉን በደቂቃ 15 ጊዜ ብቻ ማዞር ይሆናል ማለት ነው፤ ይህን የሚችል ጉልበት የለም። ከፊት 28፣ ከኋላ 34 ጥርስ ያለው ግን በአንድ ዙር 1.7 ሜትር ስለሚሄድ ያንኑ አቀበት በደቂቃ 48 ዙር ያወጣዋል። ይህ ማርሽ የሌለው ሰው ከ8 በመቶ በላይ በሆነ አቀበት፣ ይኸውም በ100 ሜትር 8 ሜትር በሚወጣው ላይ፣ ወርዶ ብስክሌቱን ቢገፋ አንዳች ነውር የለበትም። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የእግረኛ ፍጥነት ስለሆነ ከነጂው ብዙም አይቀርም።

ፍሬን ግን ምሕረት የለውም። 80 ኪሎ የሆነ ነጂና ብስክሌት 1,400 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከሦስት ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ነፋሱ የማይወስደው ሁሉ ፍሬኑን ያግላል። ፍሬን ሁልጊዜ ተይዞ ከተወረደ የጎማው ብረት ግሎ ካላማዳሪያው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ በኩርባ አጠገብ ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ የፊቱንና የኋላውን ማፈራረቅ፣ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ቆሞ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ከመነሣት በፊት የፍሬኑን ጎማና ሽቦውን መመርመር ግዴታ ነው።

ከዚህ ሌላ የሚያዘው ጥቂት ነው፤ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያ፣ መንፊያ፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ የተማሪነት መታወቂያ፣ የዝናብ ልብስና ለደጋው ብርድ ጋቢ ወይም ሹራብ። ለስንቅ ከበሶና ከዳቦ ቆሎ የሚሻል ከየትም አይመጣም፤ አባቶቻችን ለመንገድ የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ኃይል ይሰጣል፣ በጾም ቀንም ይበላል። ተጓዦቹ ከስድስት ባይበልጡ መልካም ነው። ከፊት የሚሄደው ደካማው ይሁን፤ የቡድኑ ፍጥነት የእርሱ ፍጥነት ነውና። መንገዱና የመመለሻው ሰዓት በወረቀት ተጽፎ በመኝታ ቤት ለቀረ ጓደኛ ይሰጥ።

አንድ ምሳሌ፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ

እስካሁን የተናገርነውን በአንድ ጉዞ ላይ እንፈትነው። በሽሮ ሜዳ ስናልፍ የምናያቸው ሸማኔዎች ብዙዎቹ የዶርዜና የሌላው የጋሞ ደጋ ተወላጆች መሆናቸው የታወቀ ነው። ጥበቡን እንለብሳለን፤ የተወለደበትን ተራራ ግን ስንቶቻችን አይተናል? ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ከአርባ ምንጭ ይነሣል።

አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጨንቻ ግን ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች። ርቀቱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መውጫው 1,400 ሜትር፣ በካርታው ላይ 70 የከፍታ መስመር ማለት ነው። በመለኪያችን መሠረት ለርቀቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ለመውጫው ሦስት ሰዓት ተኩል፣ በድምሩ ስድስት ሰዓት ይሆናል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሣ ሰው በቀትር ይደርሳል።

መንገዱ ራሱ ሕጋችንን የሚከተል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከአባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ በኩል ወደ ሶዶ የሚሄደውን ዋና መንገድ ይይዛል፤ መኪናው የሚበዛው እዚህ ነው፣ ግን ሜዳ ስለሆነና በማለዳ ስለሚታለፍ ብዙ አያስቸግርም። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ ወደ ተራራው ይወጣል። ይህ ወደ ደጋው ከተሞች ብቻ የሚያደርስ ቅርንጫፍ መንገድ ስለሆነ ከዋናው ይልቅ ጸጥ ያለ ነው፤ አቀበቱም ጸጥታውም አንድ ላይ ሆነው እናገኛቸዋለን። በየኩርባው ዘወር ብሎ ማየት ነው፤ አባያና ጫሞ በታች ተዘርግተው ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለውን ጠባብ ኮረብታማ ምድር ሕዝቡ «የእግዜር ድልድይ» ይለዋል።

ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ ጨንቻ ሲደርሱ ከአርባ ምንጭ በዘጠኝ ዲግሪ ያህል ይበርዳል። ከታች ሙዝና ማንጎ፣ ከላይ እንሰትና የጨንቻ ፖም፤ በአንድ ጠዋት ከቆላ ወደ ደጋ መሸጋገር ማለት ይኸው ነው። ላብ የነካው ሸሚዝ ለብሶ በጉም ውስጥ መቆም ለበሽታ ያጋልጣል፤ ሹራቡ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። በዶርዜ መንደሮች በቀርከሃ የተጠለፉትን ረጃጅም ቤቶች ማየትና ቆጮ መብላት የጉዞው ዋጋ ነው። ቤቶቹ ምስጥ ከሥር ሲበላቸው እያጠሩ እንደሚሄዱ ነዋሪዎቹ ይናገራሉ፤ የቤቱን ዕድሜ በቁመቱ መገመት ይቻላል ማለት ነው።

በዚያው ቀን አለመመለስ ይሻላል። ከቀትር በኋላ ጉሙና ዝናቡ ስለሚወርድ ቁልቁለቱ አደገኛ ይሆናል። እዚያው አድሮ በማግሥቱ ጠዋት በዝግታ መውረድ ነው። በመንገዱ ዳር ሕፃናት እየጨፈሩና እየተገለባበጡ ወደ መንገደኛ ይሮጣሉ፤ ስለዚህ በመንደር አጠገብ ፍጥነት መቀነስ ብቻ ሳይሆን ለመቆም መዘጋጀት ያስፈልጋል። የእኛ ችኮላ የማንንም ልጅ እግር ማስቆረጥ የለበትም።

ስለዚያ አገር ጸጥታም አንድ ነገር እንጨምር። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ወገኖቻቸው በቡራዩ መጎዳታቸውን ሰምተው የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው መለሷቸው። ጸጥታ በሁለተኛው ትርጉሙ የሚጠበቀው በሰው እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። ቢሆንም ይህ ጥንቃቄያችንን አያስቀርም፤ ከመነሣታችን በፊት ከላይ የተጻፉትን ጥያቄዎች እዚያም እንጠይቃለን።

ከየት እንጀምር?

አርባ ምንጭ ሩቅ ነው የሚል ካለ እንጦጦ ቅርብ ነው። ከስድስት ኪሎ እስከ እንጦጦ ማርያም መውጫው ወደ 500 ሜትር ይጠጋል፤ ለጋሞ ተራራ ልምምድ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። እሑድ ማለዳ፣ ሯጮቹ ከሚወጡበት ሰዓት ጋር፣ ሚኒባሶቹ ሳይበዙ መጀመር ነው። በመጀመሪያው ቀን በመንገዱ ዳር ለሩብ ሰዓት ቆሞ መኪና መቁጠር፣ መስመሮቹን ከካርታው ላይ መደመር፣ የገመቱትን ሰዓት ከደረሱበት ሰዓት ጋር ማስተያየት ይገባል። ከሦስት እሑድ በኋላ እያንዳንዱ ሰው የራሱን መለኪያ ያውቃል፤ በሰዓት 400 ሜትር የሚወጣው ወይስ 300፣ ማንም አይነግረውም፣ ራሱ ያውቀዋል።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር፤ ያ ሥርዓት ዛሬ የለም። እኛ ስለ ገበሬው፣ ስለ ገጠሩ፣ ስለ ሕዝቡ በየክፍሉና በየካፌው እንከራከራለን፤ አብዛኞቻችን ግን ያየነው በአውቶቡስ መስኮት ነው። በአቀበት ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ከገበያ ከሚመለሰው ገበሬ ጋር እኩል ይራመዳል፤ እንደምን ዋሉ ብሎ ሰላምታ ሊለዋወጥ፣ የእህሉን ዋጋና የዝናቡን ነገር ሊጠይቅ ይችላል። ይህን የሚችለው ግን ከኋላው የሚያጓራ የጭነት መኪና ከሌለ ነው። ጸጥታውን ለአቀበቱ እናስቀምጥ የምንለውም ስለዚሁ ነው፤ በጸጥታ የተወጣ አቀበት ከሰው ጋር ያገናኛልና።